ሁሉ ነገር አይሰበርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው የማነበው። መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ከዚያ ኢኮኖሚውን፣ ርዕሰ አንቀጹን ደግሞ ጊዜ ከተረፈኝ። ባለፈው ሳምንት ኢኮኖሚው ላይ ስደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ አለኝ። «ኩባንያው በተመሠረተ በሦስተኛ ዓመቱ እኩል ሰበረ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከማን ጋር ነው እኩል የሰበረው? ምኑን ነው የሰበረው? ቆይቶ ነው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መሆኑ የገባኝ። «ብሬክ ኢቨን» ነው ነገሩ። ኩባንያው አላተረፈም፣ አልከሰረም፣ ያወጣውን መለሰ ማለት ነው። «ወጪውን መለሰ» ብትሉ ምን ነበረበት? ሁለት ቃል በሁለት ቃል ነው፤ ቦታ እንኳ አይሻማችሁም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት የአንድ ሞተር መመሪያ እንድተረጉም ተሰጥቶኝ ሌሊት ሌሊት እሠራ ነበር። ሠንጠረዥ ውስጥ «ብሬክ ኢን ፒሪየድ፣ 50 ሰዓት» የሚል መስመር አለ። ብሬክ ኢን ማለት በር ሰብሮ መግባት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ «ሰብሮ የመግቢያ ጊዜ፦ 50 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። ረቂቁን እንዲያይ የተሰጠው መካኒክ አስጠራኝ። ጥቁር የሞተር ዘይት የነካው ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሌባ ሁለት ቀን ሙሉ በር ሲሰብር የሚያየው ሰው የለም?» አለኝ። ለካ አዲስ ሞተር ጫና ሳይበዛበት ቀስ እያለ የሚሠራበት፣ ብረት ከብረት ጋር የሚላመድበት ጊዜ ነው። እነሱ ሮዳጅ ይሉታል። ቃሉ እነሱ አፍ ላይ ነበረ፤ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬክ የሚለውን ቃል በክፉ ዓይን ነው የማየው። ትንሽ ልናገርለት።

አጭር ነው፣ አሮጌ ነው። ጀርመኖችም «ብሬኸን» ይላሉ፤ ዘራቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ብዙ ትርጉም የሚያጠራቅሙት እንዲህ ያሉት አጫጭርና ያረጁ ቃላት ናቸው። ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ረጃጅሞቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥራ ይዘው አርፈው ይቀመጣሉ። የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለ«ራን» (መሮጥ) ግሡን ብቻ ወስደው 645 ፍቺ ቆጥረዋል። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም፣ ቀዳሚው 430 ፍቺ የተሰጠው «ሴት» (ማስቀመጥ) የሚለው ግሥ ነበር። እሱን መርጬ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ግን በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት 430 ትርጉም አላት» የሚል ነገር ይወጣና ደብዳቤዬ ያላሰብኩትን ጠብ ይጭራል። በብሬክ ልቀጥል።

እንግሊዝኛ ነገሩ በምን መንገድ እንደተለያየ ብዙም አይጨነቅም። ቀድሞ አንድ የነበረ ነገር አሁን አንድ ካልሆነ፣ ብሬክ ነው፣ አለቀ። አማርኛ ግን መጀመሪያ ዕቃውን ያያል። ብርጭቆ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጥርስ ይሸረፋል። በእጅ የማይያዘውም እንደዚሁ ነው፤ ቃል ይታጠፋል፣ ሕግ ይጣሳል፣ ጾም ይገደፋል፣ ሰንበት ይሻራል፣ ፈረስ ይገራል፣ የጎረምሳ ድምፅ ይጎረንናል። ለእነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛው ብሬክ ይበቃዋል። ስለዚህ ተርጓሚው ብሬክን ባየ ቁጥር ሰበረን ከጻፈ፣ አማርኛው በእጁ ያለውን ዕቃ ሁሉ መሬት ላይ እየለቀቀ በአንድ መዶሻ ብቻ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ምሽት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። «ዘ ደይ ብሮክ» የሚለውን «ቀኑ ተሰበረ» ብላ ተርጉማዋለች። እርሳሷን እያኘከች፣ «አባዬ፣ ቀን ይሰበራል እንዴ?» አለችኝ። አይሰበርም፣ ጎህ ቀደደ ነው የሚባለው አልኳት፣ የአዋቂ ድምፅ አውጥቼ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሺ፣ ይቀደዳል እንዴ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ጎህ ሲቀድ እያልኩ ዕድሜዬን ስኖር ጨርቅ ሲቀደድ አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም። እሷ ከጠየቀችኝ በኋላ ግን ይታየኛል፣ ጥቁር ጨርቅ ከታች በኩል ተተርትሮ ብርሃን ሲገባ። እንግሊዞቹም ቀኑ ሲሰበር ስብርባሪ አይታያቸውም። እዚያ ያለው ብሬክ አጥንት ከሚሰብረው ብሬክ ርቆ የሄደ ነው፤ ተደብቆ ወይም ታምቆ የቆየ ነገር ድንገት ብቅ ሲል የሚባል ነው። ማዕበልም ጦርነትም በዚሁ ነው የሚጀምረው። ዜናም እንደዚሁ።

ዜና ካልኩ ዘንዳ ወደ «ሰበር ዜና» ልምጣ፣ መቼም ሳልነካው እንደማላልፍ ገምታችኋል። ብሬኪንግ ኒውስ ሲተረጎም የተወሰደው የአጥንቱ ብሬክ ነው፤ መወሰድ የነበረበት የጎሁ ብሬክ ነበር። ዜናው ምንም አልሰበረም፤ ፈነዳ፣ ወጣ፣ ብቅ አለ። ግን አሁን ቆሞ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ቃሉ ገብቷል፣ ሕዝቡ ወስዶታል፣ «መደበኛ ዝግጅታችንን ሰብሮ የገባ ዜና» እያለ የራሱን ምክንያት ሰጥቶታል። እንዲያውም እኔ ወድጄዋለሁ። አጭር ነው፣ ይመታል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ የሦስት ቀን ወሬ ላይ ሰበር ብሎ መለጠፍ። ሦስት ቀን የቆየ ዜና ስብራቱ ተጠግኖ ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ሰበር» ቀድሞም ሥራ ነበረው። ሰበር ሰሚ ችሎት። እዚያ ያለው ሰበር ከፈረንሳዮቹ «ካሳሲዮን» ጋር የሚሄድ ነው፤ ካሳሲዮን የመጣው «ካሴ» ከሚለው ግሥ ነው፣ ትርጉሙም መስበር። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰብር ችሎት። ስለዚህ አንዱ ሰበራችን የፈረንሳይኛ ወንድም አለው፣ ሌላው የእንግሊዝኛ። አንድ ቀን ሁለቱ «ሰበር ዜና፦ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ውሳኔውን ሻረ» በሚል ርዕስ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ ቆም በሉ፤ «ሰበረ» አላልንም፣ «ሻረ» ነው ያልነው። ስሙን ከውጭ ብንቀዳም ሥራውን በራሳችን ግሥ ነው የምንሠራው። (ይሄ ሻረ ራሱ ጉደኛ ነው። ውሳኔ ይሻራል፣ ሹም ይሻራል፣ ቁስልም ይሽራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያማሉ፣ ሦስተኛው ያድናል። እሱን ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ።)

እንግሊዝኛው ደግሞ «ብሬክ ዘ ኒውስ» የሚል አለው። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ሊሆን ምንም አይቀረው። ብሬኪንግ ኒውስ ይጮኻል። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ብሬክ ሲደረግ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሰውዬው እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ ነገሩ ከሩቅ ይጀመራል። ለሞት ከሆነ አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ አረዳ። መርዶ፣ መርዶ ነጋሪ፣ ማርዳት። አንድ ጊዜ በአንድ ትርጉም ላይ «ሐኪሙ ለቤተሰቡ ዜናውን ሰበረ» የሚል አንብቤ ሐኪሙን ምን አስቆጣው ብያለሁ።

ብሬክ ብቻውን ሲሆን እንኳ ይያዛል። የሚያስቸግረው ጓደኛ ሲይዝ ነው። ዳውን፣ አፕ፣ ኢን፣ አውት፣ ኦፍ፣ ስሩ። እነዚህ ትናንሽ ቃላት ብሬክን ወደፈለጉበት ይነዱታል። መኪና ብሬክ ዳውን ሲያደርግ ተበላሽቶ ቆመ ነው፤ ሰው ሲያደርግ ዕንባው ቀደመው ወይም መንፈሱ ዛለ ነው፤ ድርድር ሲያደርግ ፈረሰ ነው። ፍቅረኛሞች ብሬክ አፕ ሲሉ ተለያዩ ነው፣ ስብሰባ ብሬክ አፕ ሲል ግን ተበተነ ነው፣ ስልክ ሲሆን ደግሞ ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው። ይህን ሁሉ «ተሰባበረ» ማለት አይቻልም። እኛም ከዚህ ባልተናነሰ የውጭ ሰው እናስለቅሳለን እኮ፤ በ«አለ» ብቻ። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ደስ አለው። አንድም ያወራ ሰው የለም። እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ዳውን እና አፕን ሲያብራሩ አስተማሪዎች ለምን ይህን እንደማያነሱ አይገባኝም። ልጁ እንዲህ ያለውን ነገር አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

ሁለቱን ገጥመው አንድ ቃል ሲያደርጓቸው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይመጣል። አውት ከኋላ ሲሆን፣ ብሬክአውት፣ ከእስር ቤት ማምለጥ ነው፤ ከፊት ሲሆን፣ አውትብሬክ፣ ወረርሽኝ ነው፣ ወይም የጦርነት መቀስቀስ። ዕቃው ያው ነው፣ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። ብሬክዳውን ስም ሲሆን ብልሽት ይሆናል፣ የሒሳብ ዝርዝርም ይሆናል። ይህኛው ይገርመኛል። እንግሊዞች ድፍን ገንዘብ ሲመነዝሩም ብሬክ ይላሉ፣ ጠቅላላ ወጪን በየርዕሱ ሲከፋፍሉም ብሬክዳውን ይላሉ። እኛስ? ገንዘቡን እንዘረዝራለን፣ የወጪውንም ዝርዝር እናወጣለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ሁለቱን ነገር በአንድ ግሥ አሰሯቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስደርስ ሥራዬን አቁሜ ዝም ብዬ ደስ ይለኛል።

ብሬክፋስትም እንዲሁ። ፋስት ጾም ነው፣ ብሬክፋስት የሌሊቱን ጾም መግደፍ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጻፈ ቃል ነው፣ ዛሬ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አጠራሩ ስለተለወጠባቸው ውስጡ ጾም መኖሩን የሚረሱት ይበዛሉ። ፈረንሳዮች ምሳን «ደጀኔ» ሲሉም፣ እራትን «ዲኔ» ሲሉም፣ ሁለቱም ጾም መፍታት ከሚል የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። የእኛ ቁርስ ግን ከሌላ በር ነው የገባው፤ ከቆረሰ። እነሱ ጾሙን ሰበሩ፣ እኛ ዳቦውን።

ከብሬክ ቤት የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ፣ ተጠንቀቁ። ብሮከር፣ ደላላው፣ ከብሬክ የመጣ አይደለም፤ ዘሩ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል የወይን በርሜል ከፍቶ ከሚቸረችር ሰው ነው። ኪሱ ባዶ የሆነው ብሮክ ግን የቤቱ ልጅ ነው። «ነጥቻለሁ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፣ ጋዜጣ ላይ ከደፈራችሁ። ባንክራፕት፣ የከሰረው፣ ደግሞ ከጣሊያንኛ ነው፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ማለት፤ ባንክ ራሱ መጀመሪያ ገንዘብ ለዋጩ የሚቀመጥበት አግዳሚ ነበርና።

የመኪናውን ብሬክ ልዝለለው። ሆሄው ሌላ ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው አንድ። እኛማ ከጣሊያንኛ ፍሬን ስላልን ተገላግለናል። ቤት ውስጥ መብራት የሚያጠፋው ብሬከር ግን የራሱ የብሬክ ልጅ ነው፤ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይቆርጣል።

እዚህ ላይ ደግሞ ዕረፍት የሚባለው ብሬክ ይመጣል። እሱም የተቆረጠ መንገድ ነው፣ የሥራ። ቢሮ ውስጥ «ብሬክ እንውጣ» የሚለው ሁሉ ስለ መቋረጥ እያሰበ አይደለም፣ ስለ ሻይ ነው። ከዚሁ መቋረጥ የመጣ ግን በጣም ሩቅ የሄደ አንድ ልጅ አለ። ሸክላ ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ብሬክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ በተደረገ አንድ ጭፈራ ዲጄ ኩል ኸርክ ታዋቂ ያደረገው ነገር ይህን ቦታ ማስረዘም ነው፤ ቆየት ብሎም አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ከበሮው ሲያልቅ በሌላው እንደገና ይጀምረው ነበር። ጨፋሪዎቹ ያቺን ቦታ ጠብቀው መሬት ላይ ይወርዱ ነበር። ብሬክዳንስ ያልነው እሱን ነው። ባለቤቶቹ ብሬኪንግ ነው የሚሉት፤ በዚሁ ስም እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ቀረበ። ያኔ የስፖርት ገጻችሁን በሥጋት ነበር የገለጥኩት። ብሬኪንግ ብላችሁ ተዋችሁት፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። «የመስበር ውድድር» ቢባል ኖሮ አንባቢው ጡብ በእጃቸው የሚሰብሩት ካራቴዎች ይመስሉት ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲነሳ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይነሳና «እንግሊዝኛ ሀብታም ነው፣ አማርኛ ድሃ ነው» ይላል። ምኑ ነው ሀብት? አንድ ቃል መቶ ሥራ መሥራቱ? እንደዚያማ ከሆነ በላ የሚለውን ቁጠሩልኝ። ሰው ምግብ ይበላል፣ ባለሥልጣን ገንዘብ ይበላል፣ ብረት ዝገት ይበላዋል፣ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ሥራው ጊዜ ይበላል፣ በካርታ ጨዋታ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፣ መዳፌን ደግሞ ይበላኛል። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «መዳፌን በላኝ» የሚለውን ሰምቶ «እጄ ጎረሰኝ» ብሎ ቢተረጉመው እንስቃለን። እኛ «እኩል ሰበረ» ስንል ግን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ቃል ብዙ ሥራ ሲይዝ ሀብትም ድህነትም አይደለም፣ በየቋንቋው ያለ ነገር ነው። ችግሩ ያለው የአንዱን ቋንቋ ጭነት በሌላው ትከሻ ላይ እንዳለ ማውረዱ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ሰበረ ባለበት ሁሉ እንግሊዝኛን አትጠርጥሩ። ልብ መሰበር ከውጭ ፊልም የመጣ የሚመስለው ሰው አለ፤ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ አለ እኮ፣ ያውም ለፍቅረኛ ሳይሆን ለንስሐ። ቅስሙ ተሰበረ የራሳችን ነው። «ሰባራ ሳንቲም የለኝም» የራሳችን ነው። ሰበር ሰካ እያለች የምትሄደዋም ምኗም አልተሰበረም። ሪከርድ ሰበረ ግን የመጣ ነው፤ ለምደነዋል፣ ይቀመጥ፣ ክብረ ወሰን አሻሻለ የሚለውም ከጎኑ አለ።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ተርጓሚዎቻችሁ ብሬክን ሲያዩ መዝገበ ቃላት ከመክፈታቸው በፊት «ምኑ? ማን? ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ገመድ ነው፣ ድርድር ነው፣ ጎህ ነው? የሆነውን ነገር በዓይናቸው ካዩት ግሡ ራሱ ይመጣል። ካልመጣ ደግሞ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ይጠይቁት፤ ሞተሩ ከሆነ መካኒኩን፣ ሒሳቡ ከሆነ ሒሳብ ሠራተኛውን። እኔ በ50 ሰዓቱ ሌባ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ያ መካኒክ ዛሬም ወዳጄ ነው። የእናንተን ኢኮኖሚ ገጽ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄጄ «እኩል ሰበረ» የሚለውን አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «ለሁለት ተካፈሉት ማለት ነው?» አለኝ።

አክባሪ አንባቢያችሁ